ስለ ጨረር ሲጠየቅ ጨው ሾልኮ ወጣ

ከማያሚ ከተማ ወደ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ፣ በቢስኬን ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ ተርኪ ፖይንት የሚባል የኃይል ማመንጫ አለ። ባለቤቱ ፍሎሪዳ ፓወር ኤንድ ላይት ነው። ሁለቱ የኒውክሌር ሪአክተሮቹ ሥራ የጀመሩት በ1972 እና በ1973 ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የኒውክሌር ጣቢያ ጎረቤት የሆነ ሰው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ውኃችን ውስጥ ጨረር ገብቷል ወይ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለድርጅቶች ግን ይህን ያህል ለመመለስ የሚቀል ጥያቄ የለም። «የተገኘው መጠን ለመጠጥ ውኃ ከተፈቀደው በታች ነው» ይላሉ፤ አልዋሹም፤ ጠያቂውም ይቀመጣል። በተርኪ ፖይንት የከርሰ ምድሩን ውኃ ያበላሸው ግን ጨው ነው። ጨው እንዲህ እንዲከማች ያደረገው ደግሞ ሙቀት ነው።

ስለዚህ ከሙቀቱ መነሣት ይሻላል። ከሁለቱ ሪአክተሮች እያንዳንዱ እስከ 2,644 ሜጋ ዋት ሙቀት ያመነጫል። ከዚህ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚሆነው ሲሶው ገደማ ብቻ ነው። ሁለት ሦስተኛው የሆነ ቦታ መጣል አለበት። ተርባይኑን አሽከርክሮ የወጣው እንፋሎት ተመልሶ ውኃ እንዲሆን ኮንደንሰር ውስጥ ይገባል። ኮንደንሰሩ በሺሕ የሚቆጠሩ ቀጫጭን ቱቦዎች የታጨቁበት ትልቅ ሣጥን ነው፤ በቱቦዎቹ ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ ያልፋል፣ በውጭ በኩል እንፋሎቱ ይነካቸዋል። ይህ ማቀዝቀዣ ውኃ ከሪአክተሩ ውኃ ጋር አይገናኝም። የሚሸከመው ሙቀቱን ነው፤ ተሸክሞም ወደ መጣበት ይመለሳል።

ከሪአክተሮቹ በፊት በዚያው ቦታ በ1967 እና በ1968 ሥራ የጀመሩ ሁለት በነዳጅ የሚሠሩ ማመንጫዎች ነበሩ። የሞቀውን ውኃ በቀጥታ ወደ ባሕረ ሰላጤው ይለቁት ነበር። በመውጫው ዙሪያ የባሕር ሣሩ ሞተ። የባሕር ሣር ለሽሪምፕና ለዓሣ ጫጩቶች ቤታቸው ነው፤ እሱ ሲሄድ እነሱም ይሄዳሉ። የፌዴራሉ መንግሥት ድርጅቱን ከሰሰ፣ ጉዳዩም በ1971 በስምምነት አለቀ፤ የሞቀው ውኃ ወደ ባሕረ ሰላጤው መልቀቁ ቆመ፣ በምትኩ ድርጅቱ የማቀዝቀዣ ቦዮች ቆፈረ። ቦታው 2,400 ሄክታር ገደማ ይሸፍናል። ቦዮቹ ቢቀጣጠሉ ርዝመታቸው 270 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ውኃው ሞቆ በአንድ ወገን ይወጣል፣ ወደ ደቡብ ይወርዳል፣ ታጥፎ ይመለሳል፤ ሁለት ቀን ገደማ ተጉዞ ቀዝቅዞ ኮንደንሰሩ ዘንድ ይደርሳል። በጊዜው ይህ የአካባቢ ተቆርቋሪዎች ድል ተብሎ ነበር። ባሕረ ሰላጤውን በተመለከተ እውነትም ድል ነው።

ስህተቱ ከቦዮቹ ሥር ነው። ወለላቸው በምንም አልተለበጠም። ከሥሩ ያለው የኖራ ድንጋይ ደግሞ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት ነው፤ ይኸው ድንጋይ የቢስኬን የከርሰ ምድር ውኃ ማኅደር ነው፣ የደቡብ ምሥራቅ ፍሎሪዳ ሕዝብ የሚጠጣውም ከእሱ ነው። በወረቀት ላይ «ዝግ» የተባለው ሥርዓት ወደ ታች ክፍት ነበር።

ወጥ እሳት ላይ ተረስቶ ውኃው ሲመጥ ምን እንደሚሆን የማያውቅ የለም፤ ጨው ሳይጨመርበት ጨው ይበዛበታል። ቦዮቹም እንዲሁ ናቸው። በአንድ ሺሕ ሊትር የባሕር ውኃ ውስጥ 35 ኪሎ ግራም ገደማ ጨው አለ። ግማሹ ውኃ ቢተን፣ በቀረው 500 ሊትር ውስጥ ያው 35 ኪሎ ጨው አለ፤ በሊትር ሲሰላ 70 ግራም ይሆናል። የፍሎሪዳ ፀሐይ ብቻዋን ብዙ ውኃ ታተናለች፣ የሁለት ሪአክተር ሙቀት ሲታከልበት ደግሞ ይብሳል። ጨዉ የሚቀልለው ዝናብ ሲዘንብ ነው። ዝናብ በቀረበት ዓመት ይከማቻል።

የጨዋማ ውኃ ጠባይ ደግሞ መክበዱ ነው። ከንጹሕ ውኃ ሥር፣ ከተራ የባሕር ውኃም ሥር ይሰምጣል። ከቦዩ ወለል ሰርጎ በድንጋዩ ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከ25 እስከ 30 ሜትር ወርዶ ውኃ የማያሳልፈው ንጣፍ ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ይዘረጋል። መሐንዲሶቹ ይህን ፈጽሞ አላሰቡትም ማለት አይደለም። ጨዋማው ውኃ ወደ ምዕራብ፣ ማለትም ወደ ጉድጓዶቹ፣ እንዳይሄድ በቦዮቹ ምዕራባዊ ዳር መከላከያ ቦይ ቆፍረዋል፤ በደረቅ ወራት ከእሱ ውኃ በፓምፕ እየሳቡ ወደ ማቀዝቀዣው ይመልሳሉ። ጥልቀቱ ግን 5 ሜትር ተኩል ያህል ነው። የሚስበው የላዩን ነው። ከባዱ ውኃ ከሥሩ አልፎ ሄደ። በላይኛው ውኃ ላይ የሚደረገው ምርመራ ሁሉ ደህና ሆኖ እየታየ፣ ከታች ጨዉ በዓመታት ውስጥ ከቦዮቹ በስተምዕራብ ኪሎ ሜትሮች ተጓዘ። ከጣቢያው በስተምዕራብ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ደግሞ የፍሎሪዳ ኪስ ደሴቶችን የሚያጠጡት ጉድጓዶች አሉ። ውኃቸው በቧንቧ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ እስከ ኪ ዌስት ይደርሳል።

በ2012 እና በ2013 የሪአክተሮቹ ኃይል በ15 በመቶ አደገ። ድርጅቱ ከነዳጅ ማመንጫዎቹ አንዱ ስለቆመ ወደ ቦዮቹ የሚገባው ጠቅላላ ሙቀት አይጨምርም ብሎ ነበር። በ2014 በጋ ግን ዝናብ ቀረ፣ በቦዮቹ ውስጥ የነበረው የባሕር ሣር አልቆ ያቆረው ንጥረ ነገር ተለቀቀ፣ አልጌ (በውኃ ውስጥ የሚባዛ ደቃቅ አረንጓዴ ዕፅ) በዛ። በአልጌ የጠቆረ ውኃ ሙቀት ይይዛል። ሪአክተሮቹ የሚስቡት ውኃ ከ37.8 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እንዳይሆን ፈቃዱ ይደነግግ ነበር፤ ያ ወሰን ሊጣስ ሲደርስ የኒውክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽኑ በነሐሴ 2014 ወሰኑን ወደ 40 ዲግሪ ከፍ አደረገው። ጨዋማነቱ በሊትር ከ90 ግራም አለፈ፤ ከባሕር ሁለት እጥፍ ተኩል ማለት ነው። ቴርሞሜትሩ ወሰኑን ሲያልፍ ወሰኑን ማንሣት ሪአክተሩን ለማስኬድ ይረዳ ይሆናል፤ ከሥር ላለው ውኃ ግን ምንም አይፈይድለትም።

ትሪቲየም እዚህ ላይ ይገባል። ጨረር የሚያመነጭ የሃይድሮጅን ዓይነት ነው፤ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ራሱ ውኃ ስለሚሆን በተራ ማጣሪያ አይለይም፣ ውኃው በሄደበት ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ግማሹ እስኪጠፋ 12.3 ዓመት ይፈጃል። ከጣቢያው በተፈቀደ መጠን ወደ ቦዮቹ ይለቀቃል። ድርጅቱ «በደቡብ ፍሎሪዳ ጨዋማ ውኃ ወደ የብስ የገባው ከእኛ በፊት ነው፤ ረግረጉን ለማድረቅ የተቆፈሩት የድሮ ቦዮች ናቸው ያስገቡት» ይል ነበር። ሐሰት አይደለም፤ እነዚያ ቦዮች የንጹሑን ውኃ ግፊት ቀንሰው ባሕሩን ጋብዘዋል። ታዲያ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ የተገኘ ጨው የባሕሩ ይሁን የቦዮቹ በምን ይታወቃል? የባሕር ውኃ ትሪቲየም የለውም ማለት ይቻላል። ጨውም ትሪቲየምም አብረው ከተገኙ ውኃው የመጣው ከማቀዝቀዣው ነው። ተቆጣጣሪዎቹ ለዚህ የተጠቀሙበት መለያ በሊትር 20 ፒኮኩሪ (የጨረር አመንጪነት መለኪያ) ነው። ለመጠጥ ውኃ የተፈቀደው ጣሪያ 20,000 ነው። በሁለቱ መካከል የሺሕ እጥፍ ልዩነት አለ፤ ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፣ የሚመልሱት ጥያቄ ግን ይለያያል። አንዱ «ያመኛል ወይ?» ለሚለው፣ ሌላው «ከየት መጣ?» ለሚለው ነው። ለማኅበረሰቡ የሚጠቅመው ሁለተኛው ነበር።

በመጋቢት 2016 የአካባቢው አስተዳደር፣ ማያሚ-ዴድ ካውንቲ፣ ያወጣው ሪፖርት በቢስኬን ባሕረ ሰላጤ ከተለመደው እስከ 215 እጥፍ የደረሰ ትሪቲየም መገኘቱን ገለጸ። ቁጥሩ ብዙ ሰው አስደነገጠ፣ መደንገጡም አይፈረድበትም። መጠኑ ሲሰላ ግን 4,300 ፒኮኩሪ አካባቢ ነው፤ ከመጠጥ ውኃ ጣሪያ አምስተኛ እጁ፣ ያውም ማንም በማይጠጣው የባሕር ውኃ ውስጥ። የዚያ ግኝት ክብደት ሌላ ቦታ ነው። በ1971 ከባሕረ ሰላጤው ተለየ የተባለው ውኃ በድንጋዩ ሥር ወደ ባሕረ ሰላጤው እየተመለሰ ነበር። ትሪቲየም የሚያልፍበት መንገድ አሞኒያና ፎስፈረስም ያሳልፋል። የቢስኬን የባሕር ሣር የለመደው ጥርት ያለና ንጥረ ነገር ያነሰው ውኃ ነው፤ ማዳበሪያ ሲገባበት አልጌ ይበዛል፣ አልጌ ብርሃን ይከልላል፣ ሣሩ ይሞታል። ለእሱ ሲባል የተቆፈረው ቦይ በስተኋላ በር መጥቶበታል።

የማረሚያው ሥራ ምን እንደሚመስል ማወቅ ይገባል። ድርጅቱ ከካውንቲው ጋር በ2015፣ ከግዛቱ ጋር በ2016 ስምምነት ፈረመ። ከግንቦት 2018 ጀምሮ 10 ጉድጓዶች በቀን 57,000 ሜትር ኩብ ገደማ ጨዋማ ውኃ ከሥር እየሳቡ፣ ከ900 ሜትር በታች ወዳለው ቦልደር ዞን ወደሚባለው ጥልቅ ንጣፍ ይልኩታል። ቦዮቹን ለማቅለል ደግሞ ፍሎሪዳን ከሚባል ሌላ የከርሰ ምድር ማኅደር ጨዉ ዝቅ ያለ ውኃ ይጨመርባቸዋል። ሁለት ቃል ተገብቷል፤ የቦዮቹ አማካይ ጨዋማነት በአራት ዓመት ውስጥ ወደ 34 ግራም በሊትር ሊወርድ፣ የተስፋፋው ጨው ደግሞ በ10 ዓመት ወደ ጣቢያው ወሰን ሊመለስ። የመጀመሪያው በተባለው ጊዜ አልተፈጸመም። ሁለተኛው የሚፈተነው በ2028 ነው።

ሥራው ከንቱ አይደለም፤ ጨው እየወጣ ነው። ነገር ግን ምንጩ ክፍት እንደሆነ መቅዳት ነው። ቦዮቹ በፀሐይና በሙቀት ውኃ እያተነኑ እስከቀጠሉ ድረስ ከሥር የሚሰርገው ይቀጥላል፤ የታችኛው ከባድ ውኃ ደግሞ ከላይኛው ይልቅ ለመሳብ እጅግ ቀርፋፋ ነው። የአካባቢ ተሟጋቾች ለዓመታት የጠየቁት የማቀዝቀዣ ማማ ነው። ማማም ውኃ ያተናል፣ ጨዉም ይከማቻል፤ ልዩነቱ የተከማቸው ጨዋማ ውኃ በቧንቧ ውስጥ መሆኑ ነው፣ ተለክቶ ወደሚፈለግበት ይላካል። ቦታው ላይ ያለው በጋዝ የሚሠራው አምስተኛው ማመንጫ በማማ ነው የሚቀዘቅዘው። ስለዚህ ማማ በዚያ አፈር አይሠራም ማለት አይቻልም። ቀሪው ክርክር የገንዘብ ነው፤ ገንዘቡን ማን ይከፍላል ሲባል ደግሞ የከርሰ ምድሩ ውኃ በነጻ እየከፈለ መኖሩ መረሳት የለበትም።

ድርጅቱ በተደጋጋሚ የሚያነሣው ሌላ ነገር አዞዎቹ ናቸው። በቦዮቹ ዳርቻ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአሜሪካ አዞ እንቁላል ይጥላል፤ ለዝርያው ማገገም ረድቷል፣ ይህ ሊመሰገን ይገባል። ሆኖም ጨው የሚችል እንስሳ በቦይ ዳር መራባቱ ከድንጋዩ ሥር ስላለው የመጠጥ ውኃ የሚናገረው ነገር የለም።

ለመጠጥ የተፈቀደው ክሎራይድ (የጨው አንዱ ክፍል) በሊትር 250 ሚሊ ግራም ነው። እዚያ «እጅግ ጨዋማ» የሚባለው ከ19,000 በላይ ሲሆን ነው። ከዚህ ውኃ አንድ ሊትሩ ብቻ 76 ሊትር ገደማ ንጹሕ ውኃ እስከ ጣሪያው ያደርሳል። ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ይኸው ነው፤ የ19,000 መስመር ዛሬ የት ደርሷል? ባለፈው ዓመትስ የት ነበር? በምን ጥልቀት?

የኒውክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽኑ በ2019 ሁለቱ ሪአክተሮች እስከ 2052 እና 2053 እንዲሠሩ፣ ማለትም 80 ዓመት እንዲሞላቸው፣ ፈቀደ። በ2022 የአካባቢ ጥናቱ አይበቃም ብሎ የተጨመሩትን ዓመታት ሰረዘ፤ በ2024 ደግሞ መልሶ ሰጠ። ቦዮቹ አሁንም ያልተለበጡ ናቸው።

ይህን በአማርኛ መጻፍ ያስፈለገው ለአሜሪካ ብቻ ተብሎ አይደለም። ኢትዮጵያ በመስከረም 2025 ከሩሲያው የመንግሥት የኒውክሌር ድርጅት ከሮሳቶም ጋር የኒውክሌር ማመንጫ ለማቋቋም የድርጊት ዕቅድ ፈርማለች። ባሕር የለንም። ማቀዝቀዣው ወንዝ ወይም ሐይቅ ነው የሚሆነው። ማማ ያለው ጣቢያ ለእያንዳንዱ ሜጋ ዋት ሰዓት 2.5 ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ ያተናል፤ 1,000 ሜጋ ዋት ያለው ማመንጫ በዓመት 20 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አካባቢ ይወስዳል ማለት ነው። በትልቅ ወንዝ ላይ ይህ ይቻላል። በስምጥ ሸለቆ ግን አዋሽ እንኳ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ነው የሚያልቀው፤ መውጫ በሌለው ተፋሰስ የተነነው ውኃ ይሄዳል፣ ጨዉ ይቀራል። መተሐራ ላይ ጨዋማው የበሰቃ ሐይቅ እየሰፋ ምን እንዳደረገ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ፍሎሪዳ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም።

በተርኪ ፖይንት ዙሪያ እያንዳንዱ በሦስት ጥልቀት፣ ላይ፣ መካከልና ታች፣ የሚለካ የክትትል ጉድጓድ መረብ በስፋት የተዘረጋው ከኃይል ማሳደጊያው ጋር ተያይዞ በ2010 አካባቢ ነው። ቦዮቹ ያኔ ወደ 40 ዓመት ይጠጋቸው ነበር። ጨዉ ከመምጣቱ በፊት ውኃው ምን ይመስል እንደነበር የሚመሰክር የተሟላ መዝገብ አልነበረም፤ ለዚህ ነው ክርክሩ በትሪቲየም አሻራ መፈታት የነበረበት። እኛ ዘንድ ቦታው ገና አልተቆፈረም። ሦስቱም ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ከመሠረት ድንጋዩ በፊት ቢቆፈር፣ ክሎራይዱ፣ ሙቀቱና ትሪቲየሙ ቢያንስ ለሁለት ክረምትና ለሁለት በጋ ተለክቶ ለአካባቢው ሰው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአፋርኛ፣ እንደየቦታው ቋንቋ ቢታተም፣ ወጪው ከሪአክተሩ ዋጋ አንጻር ከቁጥር የሚገባ አይሆንም።