እርማት፦ ወደ ውስጥ የገባ ሪሴፕተር ሁሉ ይፈርሳል ማለት አይደለም

ሪሴፕተር በነርቭ ሴል ገጽ ላይ ሆኖ የኬሚካል መልእክት የሚቀበል ፕሮቲን ነው፤ ሲናፕስ ደግሞ ሁለት የነርቭ ሴሎች የሚገናኙበት ቦታ። ከአራት ኪሎና ከጥቁር አንበሳ ተማሪዎች በአስተያየቶቹ የሚደጋገመው ሐሳብ ባጭሩ፣ «ሪሴፕተር አንዴ ከሲናፕስ ተነሥቶ ወደ ሴሉ ከገባ አለቀለት፤ በአዲስ ይተካል» የሚል ነው። የሚፈርስ አለ፤ ሁሉም ይፈርሳል መባሉ ግን ስሕተት ነው።

አምፓ የተባለው የግሉታሜት (የነርቭ ሴሎች መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል) ሪሴፕተር ክላትሪን የተባለ ፕሮቲን በለበሰ ትንሽ ከረጢት ወደ ሴሉ ይገባል፤ ዳይናሚን የተባለ ሌላ ፕሮቲን ከረጢቱን ከሴሉ ሽፋን ይቆርጠዋል። ኢንዶሶም (የገባው የሚለይበት የሴሉ ክፍል) ውስጥ መንገዱ ይለያያል፦ ከፊሉ ላይሶሶም (የሴሉ ማፍረሻ ክፍል) ገብቶ ይፈርሳል፣ ከፊሉ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ገጹ ተመልሶ በሽፋኑ ላይ እየተንሸራተተ ሲናፕሱ ውስጥ ቦታውን ይይዛል። (ይህን የመጨረሻ እርምጃ ብዙ ሥዕሎች ይዘሉታል።)

ማረጋገጥ ይቻላል። በሕያው ኒውሮን (የነርቭ ሴል) ገጽ ላይ ያሉትን ሪሴፕተሮች በአንቲቦዲ (ሪሴፕተሩን ለይቶ በሚጣበቅ ፕሮቲን) ምልክት አድርጉ፤ እስኪገቡ ጠብቁ፤ ገጹ ላይ የቀረውን አንቲቦዲ በበረዶ ላይ በአሲድ አጥባችሁ ሴሉን ወደ 37 ዲግሪ መልሱ። ምልክቱ ገጹ ላይ ዳግም ከታየ የተመለሰው አሮጌው ነው፤ አዲስ የተሠራ ምልክት የለውም። እጥበቱ ካነሰ ውጤቱ ያታልላል፤ ስለዚህ ከታጠበ በኋላ ወዲያው የሚታይ ኮንትሮል (ማነጻጸሪያ ናሙና) የግድ ነው።

ስሕተቱ የሚጎዳው ውጤት ስትተረጉሙ ነው፦ ገጹ ላይ መቀነሱን ብቻ አይቶ «ፈረሰ» ማለት አይቻልም፤ የሴሉ ጠቅላላ መጠንም መለካት አለበት።