ከኮሚኒቲ ኮሌጅ ወደ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ፦ ክሬዲቱ ከዲፖዚቱ በፊት ይታወቅ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የሚኖር የሐበሻ ቤተሰብ ልጁ ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስ፣ ወይም በዲቪ የመጣ ወጣት ሥራ ይዞ ትምህርቱን ለመቀጠል ሲያስብ፣ ብዙውን ጊዜ የሚመዘገበው በሞንትጎመሪ ኮሌጅ አልያም ኖቫ እያልን በምንጠራው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ነው። ውሳኔው ትክክል ነው። ክፍያው ከሌላው ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው፣ ከቤት እየተመላለሱ መማር ይቻላል፣ የማታ ክፍል አለ፣ እንግሊዝኛው ያልጠነከረውም ከመሠረቱ ጀምሮ ይማራል። አስቸጋሪው ጥያቄ የሚመጣው ተማሪው ሁለተኛውን ዓመት ሲያገባድድና ወደየት እንደሚዛወር መወሰን ሲኖርበት ነው። እኛ ዘንድ የሚሰጠው ምክር ደግሞ ጠባብ ነው፦ ጆርጅ ሜሰን፣ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ወይም የነርስነት ትምህርት። አራት ዓመት የሚያስተምሩ ትናንሽ የሊበራል አርትስ ኮሌጆች፣ ማለትም ለአንድ ሙያ ከማሠልጠን ይልቅ ሳይንሱንም ታሪኩንም በስፋት የሚያስተምሩት፣ ከነጭራሹ አይነሱም። እኔ እነዚህ ኮሌጆች ለብዙ ጎበዝ ተማሪዎቻችን ከትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ይልቅ የሚስማሙ ናቸው ብዬ አምናለሁ። መንገዱን የሚያበላሸው በዝውውር ጊዜ የሚቀልጠው ክሬዲት፣ ማለትም ተማሪው ላለፋቸው ኮርሶች የሚቆጠርለት ነጥብ ነው፤ ይህን የማስተካከሉ ዋና ኃላፊነትም የኮሌጆቹ ነው።

አምኸርስት፣ ስሚዝ፣ ማውንት ሆልዮክና ቫሳር ከዚህ ዓይነት ኮሌጆች መካከል በስፋት የሚታወቁት ናቸው። የተማሪዎቻቸው ቁጥር በአብዛኛው ከ2 ሺህ እስከ 2 ሺህ 500 ነው። የድኅረ ምረቃ ተማሪ እምብዛም ስለሌላቸው ትምህርቱን የሚሰጡት፣ ጽሑፍ የሚያርሙትና ቤተ ሙከራ የሚመሩት ፕሮፌሰሮቹ ራሳቸው ናቸው። ኬሚስትሪ፣ ሒሳብ፣ ኢኮኖሚክስና ኮምፒውተር ሳይንስ ከታሪክና ከፍልስፍና እኩል ይሰጣሉ፤ ተማሪው በመጨረሻው ዓመት የራሱን ጥናት ሠርቶ ሊመረቅ ይችላል። ከኮሚኒቲ ኮሌጅ የሚመጣ ተማሪ የለመደው መምህሩ በስሙ የሚጠራውን ክፍል ነው። ይህ ተማሪ በሦስተኛ ዓመቱ ሦስት መቶ ሰው የሚቀመጥበት አዳራሽ ውስጥ ሲገባ ውጤቱ መውረዱ የተለመደ ነገር ነው፤ በተለይ ደግሞ እጅ አውጥቶ መጠየቅን እንደ ድፍረት ቆጥሮ ያደገ ልጅ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ዝም ብሎ ሊወጣ ይችላል። አሥራ አምስት ሰው ባለበት ክፍል ግን መምህሩ ጠይቆ ያናግረዋል፤ ጥቂት ሳምንት ካለፈ በኋላ ሳይጠየቅም መናገር ይጀምራል።

ወላጆች ይህን ሰምተው ወዲያው የሚጠይቁት ስለ ክፍያ ነው፤ መጠየቃቸውም ተገቢ ነው። በነዚህ ኮሌጆች ድረ ገጽ ላይ የሚታየው የአንድ ዓመት ወጪ፣ መኖሪያና ምግብ ተጨምሮበት፣ ከ80 ሺህ ዶላር ይበልጣል። በሁለት ሥራ የሚተዳደር ቤተሰብ ይህን ቁጥር አይቶ ገጹን ቢዘጋው ማንም አይፈርድበትም። ሆኖም ይህ ገንዘብ ከሀብታም ቤተሰብ የሚጠየቀው ሙሉ ዋጋ ነው። ለምሳሌ አምኸርስት ተማሪው ተዛውሮ የመጣ ቢሆንም እንኳ በገቢው መሠረት ሊከፍል የማይችለውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፤ የሚሸፍነውም ያለ ብድር ነው። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ተማሪ እንዲህ ባለው ኮሌጅ የሚከፍለው በክልሉ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሚከፍለው ሊያንስ ይችላል። ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል መንግሥት የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ ከመሙላት በተጨማሪ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን ሰፋ ያለ ቅጽ መሙላት ይጠይቃል፤ አድካሚ ቅጽ ነው፣ ሆኖም የኮሌጁ የራሱ ገንዘብ የሚገኘው በእሱ በኩል ነው። ከዚህ ሌላ ጃክ ኬንት ኩክ ፋውንዴሽን ከኮሚኒቲ ኮሌጅ ለሚዛወሩ ብርቱ ተማሪዎች በዓመት እስከ 55 ሺህ ዶላር የሚደርስ ስኮላርሺፕ ይሰጣል፤ ውድድሩ ከባድ ነው፣ ነገር ግን የተዘጋጀው ለእነዚሁ ተማሪዎች ነው። ሁሉም ኮሌጅ እንደ አምኸርስት አለመሆኑንም መናገር ያስፈልጋል። አንዳንዱ ለአንደኛ ዓመት ተማሪ የሚሰጠውን ድጋፍ ለተዛዋሪ አይሰጥም፤ ስለዚህ ማመልከቻ ከመላኩ በፊት ይህን ለይቶ መጠየቅ ግድ ነው።

ኮሌጆቹ ለእነዚህ ተማሪዎች በራቸውን መክፈት የጀመሩት ዛሬ አይደለም። ቫሳር የኮሚኒቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በሰመር ግቢው ውስጥ እየኖሩ የሚማሩበትን ፕሮግራም የጀመረው በ1985 ነው። ስሚዝ ከተለመደው የኮሌጅ ዕድሜ ላለፉ ሴቶች ያቋቋመው የአዳ ኮምስቶክ ፕሮግራም ከ1975 ጀምሮ አለ። ማውንት ሆልዮክም 25 ዓመት ለሞላቸው ሴቶች ተመሳሳይ ፕሮግራም አለው፤ ስሙ የተሰየመው በኮሌጁ ምሩቅ በፍራንሲስ ፐርኪንስ ነው፤ እርሷም በ1933 የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር ሆና በአሜሪካ ካቢኔ ውስጥ የመጀመሪያዋ ሴት የሆነችው ናት። ልጆቿን ካሳደገች በኋላ በኖቫ ትምህርት የጀመረች፣ ውጤቷም የሚያኮራ ኢትዮጵያዊት እናት ስለ እነዚህ ሁለት ፕሮግራሞች ማንም ሳይነግራት መመረቅ የለባትም። ከቤተሰብ ብዙ መራቅ ለማይፈልግ ደግሞ የመንግሥት ሆነው በሊበራል አርትስ መንገድ የሚያስተምሩ ኮሌጆች በአቅራቢያችን አሉ፤ በሜሪላንድ ሴንት ሜሪስ ኮሌጅ፣ በቨርጂኒያ ፍሬደሪክስበርግ ደግሞ ሜሪ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ።

ትልቁ ኪሳራ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2004 እስከ 2009 ባለው ጊዜ ኮሌጅ የቀየሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ የሚሆነውን ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል። ተምረው፣ ከፍለው፣ ፈተና አልፈው ያገኙት ክሬዲት ነው። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ከሚገቡ 100 ተማሪዎች 80 ያህሉ የባችለር ዲግሪ ለመያዝ አስበው እንደሚጀምሩ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ የሚይዙት ግን 16 ያህሉ ብቻ እንደሆኑ የሚያሳየውን አኃዝ ከዚህ ጋር አያይዞ ማየት ይገባል።

የእኛን ልጆች በተለይ የሚጎዳው አሠራር እንዲህ ነው። አዲስ የመጣ ተማሪ በመጀመሪያ ወደ ኢኤስኤል፣ ማለትም እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ ወደሚሰጠው የቋንቋ ትምህርት ይገባል፤ ቀጥሎም ከኮሌጅ ደረጃ በታች የሆነ ሒሳብ ሊወስድ ይችላል። እነዚህ ትምህርቶች በአብዛኛው አይዛወሩም፣ የፌዴራል መንግሥት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪዎች የሚሰጠውን የማይመለስ ገንዘብ፣ ፔል ግራንቱን ግን ይበላሉ፤ ፔል ግራንት ደግሞ በዕድሜ ልክ የሚሰጠው ሙሉ ጊዜ ለሚማር ሰው ከ12 ሴሚስተር ለማይበልጥ ጊዜ ነው። ከዚያ የሊበራል አርትስ ኮሌጁ ደንብ ይመጣል። ስሚዝን ብንወስድ፣ ለመመረቅ ከሚያስፈልጉት 128 ክሬዲቶች 64ቱ እዚያው ስሚዝ መወሰድ አለባቸው፤ አብዛኞቹ ሌሎች ኮሌጆችም ተዛዋሪው ቢያንስ ሁለት ዓመት በግቢያቸው እንዲማር ይጠይቃሉ። ደንቡ በራሱ ምክንያት አለው፣ አልቃወመውም። ነገር ግን 75 ክሬዲት ይዞ የሄደ ተማሪ 11ዱን ከመነሻው ጥሎ ይገባል ማለት ነው። የቀሩትም ቢሆኑ ተቀባይነት አገኙ ማለት ለሜጀሩ፣ ማለትም ለሚመረቅበት ዋና የትምህርት ዘርፍ ያገለግላሉ ማለት አይደለም። ከኮሚኒቲ ኮሌጅ የመጣ የአካውንቲንግ ወይም የቢዝነስ ኮርስ ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይቀራል፤ ኬሚስትሪው ደግሞ ለሜጀሩ የማይቆጠር «ምርጫ» (ኤሌክቲቭ) ተብሎ ይመዘገብና ተማሪው ያንኑ ኬሚስትሪ እንደገና ይወስዳል።

ሜሪላንድ በ2021 ባወጣችው ሕግ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የተዛዋሪን ክሬዲት ሲከለክሉ ምክንያታቸውን እንዲያሳውቁ አስገድዳለች። ጥሩ ሕግ ነው፤ የግል ኮሌጆችን ግን አይመለከትም። ስለዚህ ወደ ግል ሊበራል አርትስ ኮሌጅ የሚሄድ ተማሪ መከላከያው የራሱ ዝግጅት ብቻ ነው። ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ የእያንዳንዱን ኮርስ ሲለበስ፣ ማለትም መምህሩ የሚሰጠውን የኮርሱን ዝርዝር መግለጫ ያስቀምጥ፤ ክሬዲት የሚወስነው ክፍል የኮርሱን ስም አይቶ ሲጠራጠር ሊያሳምነው የሚችለው ያ ወረቀት ነው። ሒሳብና ሳይንስ ተከታታይ ስለሆኑ መሐል ላይ አያቋርጣቸው። በእንግሊዝኛ ድርሰት፣ በታሪክ፣ በላብ ሳይንስና በሒሳብ የሚወሰዱት መሠረታዊ ኮርሶች ከሙያ ኮርሶች በተሻለ እንደሚዛወሩ አውቆ ይምረጥ። የማመልከቻው ጊዜ ለብዙዎቹ በመጋቢት መጀመሪያ አካባቢ ስለሚያበቃና የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤ ስለሚጠየቅ፣ ቢያንስ ሁለት መምህራን በመጸው ሴሚስተር በደንብ ሊያውቁት ይገባል።

ይህ መንገድ ለሁሉም ነው አልልም። ግቧ ነርስ መሆን የሆነች ተማሪ የነርስነት ፈቃድ የሚያሰጥ ትምህርት በአብዛኛዎቹ በነዚህ ኮሌጆች ስለማታገኝ ወደዚያ መሄዷ ጊዜ ማባከን ነው። የቤት ኪራይ የሚያግዝና አዲስ አበባ ላሉ ወላጆቹ በየወሩ ገንዘብ የሚልክ ወጣትም እንደ አምኸርስት ያለው ኮሌጅ ባለበት በማሳቹሴትስ ትንሽ ከተማ ውስጥ ሲኖር የሚያጣው ገቢ በየትኛውም የፋይናንስ ቅጽ ላይ አይታይም። ይህን ቤተሰቡ ቁጭ ብሎ በግልጽ ሊነጋገርበት ይገባል፤ ኮሌጁም ሲጠየቅ ድጋፉን እንደገና ሊያየው ይችላል፣ ስለዚህ በደብዳቤ መጠየቅ አያሳፍርም።

ከኮሌጆቹ የምንጠይቀው አንድ ግልጽ ነገር ነው። ተማሪው ተቀባይነት ማግኘቱን ሲነግሩት፣ የትኛውን ክሬዲት እንደተቀበሉ፣ ለየትኛው መስፈርት እንደሚያገለግል፣ ስንት ሴሚስተር እንደሚቀረውና ድጋፉ ለዚያ ሁሉ ሴሚስተር እንደሚቀጥል በጽሑፍ አብረው ይላኩለት። ዛሬ በብዙ ቦታ የክሬዲቱ ዝርዝር የሚደርሰው ተማሪው ቦታውን ለመያዝ የሚጠየቀውን ዲፖዚት ከፍሎ፣ ሥራውን ለቆ፣ ሌሎቹን ኮሌጆች እምቢ ካለ በኋላ ነው። ሥራው ይበዛብናል የሚለው መልስ አያሳምንም፤ በየዓመቱ የሚቀበሏቸው ተዛዋሪዎች በትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች እንዳለው በሺዎች የሚቆጠሩ አይደሉም፣ ፋይላቸውም ለቅበላ ውሳኔው ሲባል አንድ ጊዜ ተነቧል። ተማሪዎቻችንም በሚያዝያና በግንቦት የቅበላ ደብዳቤ ሲደርሳቸው ይህን ዝርዝር ሳይዙ አንድ ዶላር እንዳይልኩ፣ ዝርዝሩ ካልደረሰም የመወሰኛው ቀን እንዲራዘምላቸው በጽሑፍ እንዲጠይቁ እመክራለሁ።