ቁጥር ያለው ፒያኖ፣ ስም የሌለው በገና

ለንደን ሳሎኔ ውስጥ ዕድሜው ከ200 ዓመት ያለፈ ፒያኖ አለ። ዛሬ የምናውቀው ዓይነት አይደለም። ቅርጹ አራት ማዕዘን ነው፤ ክዳኑ ሲዘጋ የምግብ ጠረጴዛ ይመስላል። ሐበሻ እንግዳ ሲመጣ ሁለት ነገር ይጠይቀኛል፦ «ስንት ገዛኸው?» እና «ይሠራል?» ጎረቤቴ የሆኑት እንግሊዛዊ ሽማግሌ ግን ገና ከበር ሲገቡ «ቁጥሩ ስንት ነው?» አሉኝ።

ስለ ዋጋው ለሚጠይቁኝ፣ ብዙ አይደለም። እንዲህ ያለ ፒያኖ እዚህ በጨረታ በጥቂት መቶ ፓውንድ ይገኛል። ቦታ ይይዛል፣ ማስጠገኛው ኪስ ያራግፋል፣ ለዘመኑ ሙዚቃም አይሆንም። ድሮ ብዙዎቹ ሆዳቸው ተዘርግፎ የጽሕፈት ጠረጴዛ ሆነው ቀርተዋል። ብርቅ የሚሆነው ውስጡ ሳይነካ የተረፈው ነው። የእኔው ተርፏል።

የሠራው ቤት መሥራች ጆን ብሮድውድ ይባላል። አናጢ ነበር። በፈረንጆቹ 1761 (የፒያኖውን ታሪክ የምነግራችሁ በእነሱ አቆጣጠር ነው) ከስኮትላንድ ለንደን መጥቶ፣ ሶሆ ሰፈር ሀርፕሲኮርድ የሚባለውን ከፒያኖ የቀደመ ባለ ቁልፍ የክር መሣሪያ ይሠራ ከነበረው ስዊዘርላንዳዊ ቡርካት ሹዲ ዘንድ ተቀጠረ። በ1769 የሹዲን ልጅ አገባ፤ ውሎ አድሮ ቤቱ በስሙ ተጠራ። በ1817 ቪየና ለነበረው ለሙዚቃ ደራሲው ለቤቶቨን ፒያኖ በስጦታ የላከው ይኸው ቤት ነው። ያ ፒያኖ ዛሬ ቡዳፔስት፣ የሃንጋሪ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል።

የእኔን ክዳኑን ስትከፍቱት ከቁልፎቹ በላይ ባለው ሰሌዳ ላይ «ጆን ብሮድውድ እና ልጆቹ» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ፤ የጎዳናው ስምም አብሮ አለ። ድርጅቱ ከ1795 ጀምሮ «ብሮድውድ እና ልጁ» ነበር። «ልጆቹ» የሆነው ሁለተኛው ልጅ በ1808 ሲገባ ነው። ስለዚህ ፒያኖው ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው ማለት ነው። ጎንበስ ብላችሁ መዶሻዎቹን ብታዩ ደግሞ የለበሱት ቆዳ ነው። እንደ ዛሬው በሱፍ መሸፈን ገና አልመጣም ነበር። አካሉ እንጨት ስለሆነ የዛሬውን የክር ውጥረት አይችልም፤ የሚቃኘው ባለሙያ ሁልጊዜ ዝቅ አድርጎ ነው የሚቃኝልኝ። የክሮቹ ሚስማሮች በተተከሉበት እንጨት ላይ ቁጥር አለ። ሽማግሌው የጠየቁኝ ይህን ነው።

በዚህ ቁጥር ምን ይሠራል? የብሮድውድ መዛግብት ሰሪ (Surrey) በሚባለው አውራጃ፣ ዎኪንግ ከተማ ባለው የታሪክ ማዕከል ተቀምጠዋል። እኔን ያስደነቀኝ የተሸካሚዎቹ መዝገብ ነው። የትኛው ፒያኖ፣ በየትኛው ቀን፣ ማን ቤት እንደ ደረሰ ይጽፉበት ነበር። አስቡት፤ የዕቃ ማድረሻ ደብተር! ዕቃው ከደረሰ በኋላ ለማንም አይጠቅምም ተብሎ ሊጣል ይችል ነበር። አልጣሉትም። እኔም ከ200 ዓመት በኋላ የቤቴን ዕቃ የመጀመሪያ ባለቤት ልፈልግ ስነሳ የምሄድበት ቦታ አለኝ።

ይህ የመዝገብ ነገር ትልቅ ውጤት ያመጣበት ጊዜም አለ። ፖላንዳዊው የፒያኖ ሙዚቃ ደራሲ ሾፓን በ1848 ወደ እንግሊዝ ሲመጣ ፕሌየል የተባለ የፓሪስ ቤት የሠራው ፒያኖ አብሮት ነበር፤ ሲመለስ ሸጦት ሄደ። ፒያኖው ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የማን እንደነበር ተረሳ። በ1988 አንድ ሰብሳቢ በ2,000 ፓውንድ ገዛው። በ2007 የሾፓን ተመራማሪ የሆኑት ዣን ዣክ አይገልዲንገር የፕሌየልን መዝገብ አገላብጠው፣ በቁጥሩ፣ በ13819፣ የሾፓን መሆኑን ለዩት። ያ ቁጥር ባይኖር ዛሬም አንድ አሮጌ ፒያኖ ነበር።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። የአያቴ በገና አገር ቤት አክስቴ ዘንድ አለ። ስለ በገናው ቤተሰቡ የሚያውቀው ብዙ ነው። በዐቢይ ጾም ማታ ማታ እንደሚደረደር፣ አንድ ጊዜ ከእሳት እንደተረፈ፣ አያቴ ለማንም እንደማያውሱት። «ማን ሠራው?» ስል ግን ዝም ነው። «አንድ ባለ እጅ» አለችኝ አክስቴ። ስሙን የሚያውቅ የለም፤ ሳጥኑ ላይም አንዲት ፊደል የለችም።

መጻፍ ስለማናውቅ አይደለም። አባቶቻችን የቤተ ክርስቲያን ርስትና ንብረት የሚጽፉት ወንጌሉ ላይ ነበር። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ለሐይቅ እስጢፋኖስ በሰጡት ወንጌል ውስጥ ለገዳሙ ያበረከቷቸው መጻሕፍት ዝርዝር ሰፍሯል። በየብራናው ላይ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን» ተብሎ ይታሰራል። የሰረቀም የፋቀም የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። ለመዝገብ ከዚህ የበለጠ ክብር የት አለ? ብራናውን የጻፈው ሰውም «ለጸሐፊው ጸልዩ» ብሎ ስሙን ያኖራል።

የቀረው ባለ እጁ ነው። እኔ እንደማምነው ሥሩ ንቀት ነው። ብረት የሚሠራውን ቀጥቃጭ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ፣ ሸክላ የምትሠራዋን ቡዳ እያልን ስንሰድብ ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። የተሰደበ ሰው ሥራው ላይ ስሙን በምን ልቡ ይጽፋል? እዚህ አናጢው ስሙን ከቁልፎቹ በላይ፣ ተጫዋቹ ፊት ለፊት አኖረው።

የእነሱም መዝገብ ቢሆን ሙሉ አይደለም። የፒያኖዬ አካል ማሆጋኒ የሚባል ቀላ ያለ ውድ እንጨት ነው። በዚያ ዘመን ወደ እንግሊዝ የሚገባውን ማሆጋኒ በካሪቢያንና በሆንዱራስ የባሕር ዳርቻ ይቆርጡ የነበሩት በአብዛኛው በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ናቸው። ነጫጮቹ ቁልፎች የዝሆን ጥርስ ለብሰዋል። የተሸካሚዎቹ ደብተር ፒያኖው የማን ደጃፍ እንደ ደረሰ ይነግረኛል እንጂ እንጨቱን ማን እንደ ቆረጠው፣ ዝሆኑ የት እንደ ወደቀ አይነግረኝም። ከፈረንጆቹ 2022 ጀምሮ እዚህ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ የዝሆን ጥርስ ያለበትን ፒያኖ ለመሸጥ ከ1975 በፊት የተሠራ መሆኑን፣ ጥርሱም ከ20 በመቶ በታች መሆኑን አስመስክሮ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ጥሩ ሕግ ነው፣ እደግፈዋለሁ። ስለ ሰዎቹ ግን የሚጠይቅ ቅጽ የለም። ቁልፎቹን በነካሁ ቁጥር ይህ ይሰማኛል።

አዲስ አበባ ሄጄ አዲስ በገና ሳሠራ ሠሪውን አንድ ነገር ለመንኩት። ስምህን፣ ዓመተ ምሕረቱንና ያስተማረህን ሰው ስም ሳጥኑ ላይ ጻፍልኝ አልኩት። «ማን ሊያነበው ነው ጋሼ?» አለኝ። የልጅ ልጄ አልኩት። ጻፈ፤ ቆዳው የበሬ መሆኑንም በራሱ ጨመረበት።

የአያቴን በገና ደግሞ የአክስቴ ልጅ ፎቶ እያነሳች እየላከችልኝ ነው። ሳጥኑን ከጎንም ከሥርም፣ የቆዳውን ስፌት፣ የአውታሮቹን መወጠሪያ። ስፌቱ የተለየ ነው፤ ለሁለት የበገና መምህራን ልናሳየው ነው። አክስቴም ከአያቴ ጋር ይደረድሩ የነበሩ አንድ አባት በሕይወት እንዳሉ ትዝ ብሏት አድራሻቸውን እያፈላለገች ነው።