ሥራ የሚበዛበት ሰው ከሙያው ውጭ ያንብብ

«ለማንበብ ጊዜ የለኝም» የሚል አዋቂ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው። ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚመለስ፣ ሲመለስም ልጆች፣ የቤት ጣጣ፣ የታመመ ዘመድና ያልተከፈለ ሒሳብ የሚጠብቁት ሰው ስለ ስንፍና ስብከት አያስፈልገውም። ስለ ንባብ የሚጻፉ ምክሮች ብዙዎቹ ይህን ሰው ይዘነጉታል። ወይ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥ ይሉታል፣ ወይ በዓመት ይህን ያህል መጽሐፍ ጨርስ ብለው ሌላ የሥራ ዕቅድ ያሸክሙታል። ድሮውንም በዕቅድ የተወጠረ ሰው ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ይህ ሰው አያነብም ማለት አይቻልም፤ እንዲያውም ቀኑን ሙሉ ሲያነብ ይውላል። ሪፖርት፣ ደብዳቤ፣ መመሪያ፣ ቃለ ጉባኤ። ከዚህ ሁሉ ተርፎ መጽሐፍ ካነሣ ደግሞ የሚያነሣው የሙያውን ነው። የሒሳብ ሠራተኛው ስለ ሒሳብ፣ ነርሷ ስለ ሕክምና፣ ሥራ አስኪያጁ ስለ አመራር ያነባሉ። ሥራ አስኪያጁማ ስለ አመራር የተጻፉ አሥር መጻሕፍት መደርደሪያው ላይ አሉት፤ ዘጠኙ የመጀመሪያውን በሌላ ሽፋን የሚደግሙ ናቸው። ጊዜ ለጠበበው ሰው ይህ የሚያዋጣ ይመስላል፣ ለእንጀራው የሚሆነውን አነበበ አይደል? እኔ ግን ተቃራኒውን ነው የምለው፦ ጊዜው በጠበበ ቁጥር ከሙያው ውጭ ማንበቡ ይበልጥ ያዋጣዋል።

ሥራ ይበዛበት የነበረ አንድ ሰው ላንሣ። ጆሴፍ ሊስተር ከ1860 ጀምሮ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በስኮትላንድ፣ በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ነበር። በዚያ ዘመን ቆዳ ቀድዶ የወጣ የአጥንት ስብራት ሐኪሙንም በሽተኛውንም የሚያስጨንቅ ነገር ነው። ቁስሉ ይመረቅዛል፣ ይሸታል፣ መርዙ በሰውነት ይሰራጫል። ብዙውን ጊዜ እጅን ወይም እግርን ቆርጦ ከመጣል ሌላ መላ አልነበረም፤ የተቆረጠውም ቦታ ራሱ መርቅዞ በሽተኛውን የሚገድልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ሐኪሞቹ ጥፋቱን በመጥፎ አየር ያሳብቡ ነበር። ስለ ቁስል የተጻፈውን የሕክምና መጽሐፍ ሁሉ ቢያገላብጡ መልሱ እዚያ አልነበረም። መልሱ የተቀመጠው ወይን ጠጅና ወተት ለምን እንደሚበላሹ ሲመረምር በነበረ ፈረንሳዊ ኬሚስት ጽሑፍ ውስጥ ነው።

ኬሚስቱ ሉዊ ፓስተር ነው። በ1865 የኬሚስትሪ ፕሮፌሰሩ ቶማስ አንደርሰን የፓስተርን ጽሑፎች ለባልደረባው ለሊስተር ጠቆመው። ሊስተር አንብቦ አልተወውም፤ ሙከራዎቹን ቤቱ ውስጥ ደገማቸው። መጠጥን የሚያበላሸው አየሩ ሳይሆን በአየር የሚመጡ፣ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ከሆኑ ቁስልንም የሚያበላሹት እነሱው ናቸው ብሎ አሰበ። እነዚህን ሕያዋን የሚገድለውን ነገር ያገኘው ደግሞ ለቀዶ ሐኪም ይበልጥ ባዕድ ከሆነ ንባብ ነው። ካርላይል በተባለች የእንግሊዝ ከተማ ፍሳሽ ላይ ካርቦሊክ አሲድ ሲጨመርበት ሽታው እንደጠፋ፣ ፍሳሹ በሚለቀቅበት መስክ የሚግጡ ከብቶችም ከጥገኛ ትላትል እንደተገላገሉ የሚገልጽ ዘገባ በ1864 አይቶ በልቡ ይዞት ነበር። ኦገስት 12 ቀን 1865 ጋሪ እግሩ ላይ የወጣበት የ11 ዓመት ልጅ ወደ ሆስፒታሉ መጣ። ሊስተር ቁስሉን በካርቦሊክ አሲድ በተነከረ ጨርቅ ሸፈነው። ልጁ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ በሁለት እግሩ ቆሞ ወጣ።

የተበላሸ መጠጥና የከተማ ፍሳሽ! ሊስተር ሁለቱንም «የእኔ ጉዳይ አይደለም» ብሎ ቢያልፋቸው የሚወቅሰው አልነበረም። በታሪኩ ውስጥ የአንደርሰንም ድርሻ መረሳት የለበትም። ሰፋ ያለ ንባብ ለብቻ የሚወጡት ዳገት አይደለም፤ ሌላ ሙያ ያለው ወዳጅ «ይህን አይተኸዋል?» ሲል ይጀመራል። በምሳ ሰዓት ከራሳችን ክፍል ሰዎች ጋር ብቻ መቀመጣችን ከሚያስከትለው ኪሳራ አንዱም ይኸው ነው።

ነገሩ በአንድ ሰው ዕድል የተወሰነ አይደለም። ዶናልድ ስዋንሰን በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የመረጃ ሳይንስ ምሁር ነበር፤ የተማረው ፊዚክስ ነው፣ ሐኪም አይደለም። በ1986 ባሳተመው ጥናት ላይ ሁለት የሕክምና ጽሑፍ ክምችቶችን ጎን ለጎን አስቀመጠ። አንደኛው ስለ ዓሣ ዘይት የተጻፈ ሲሆን ዘይቱ የደምን ውፍረት እንደሚቀንስና የደም ሥሮችን መኮማተር እንደሚያላላ ይናገራል። ሌላው ሬይኖ ስለሚባለው ሕመም የተጻፈ ነው፤ ሕመምተኛውን ብርድ ሲነካው የጣቶቹ ደም ሥሮች ይኮማተሩና ጣቶቹ ይነጣሉ። የአንደኛው ጽሑፍ መልስ የሌላው ጥያቄ መሆኑ ፊት ለፊት ይታያል። ነገር ግን የዓሣ ዘይት ተመራማሪዎች ስለ ሬይኖ አያነቡም፣ የሬይኖ ተመራማሪዎችም ስለ ዓሣ ዘይት አያነቡም ነበር። ስዋንሰን የዓሣ ዘይት ሕመሙን ሊያቀል ይችላል የሚል መላምት አቀረበ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በተደረገ ሙከራም በአንደኛው ዓይነት የሬይኖ ሕመም የተያዙ ሰዎች ብርድን የመቋቋም አቅማቸው ተሻሽሎ ታየ። ስዋንሰን አዲስ ሙከራ አላደረገም፣ ሁሉም ነገር ታትሞ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የተቀመጠ ነው። የጎደለው ሁለቱንም የሚያነብ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

አብዛኞቻችን ሊስተርን ወይም ስዋንሰንን አንሆንም፤ መሆንም አይጠበቅብንም። ስሌቱ ግን ለእኛም ይሠራል። በሙያዬ ላይ አንድ ተጨማሪ መጽሐፍ ባነብ በዙሪያዬ ካሉት ባልደረቦቼ ጋር እኩል መሆኔ ነው፤ እነሱም አንብበውታል፣ ባያነቡትም ሐሳቡን በስብሰባ ሰምተውታል። ስለ ግብርና፣ ስለ ወደብ አሠራር ወይም ስለ ቋንቋ ታሪክ ያነበብኩት ነገር ግን በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ከእኔ በቀር ማንም ዘንድ ላይኖር ይችላል። ችግር ሲያጋጥም ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ይዞ በሚመጣበት ክፍል ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

«ሁሉን ልወቅ ያለ አንዱንም ሳያውቅ ይቀራል» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። እውነትነት አለው። ሊስተር መጀመሪያ ጥሩ ቀዶ ሐኪም ነበር፤ ቁስልን በቅርብ ባያውቅ ስለ መጠጥ ያነበበው ነገር ጨዋታ ማድመቂያ ከመሆን አያልፍም። ሙያውን ያልያዘ ሰው አስቀድሞ ሙያውን ይያዝ። እኔ የምናገረው አሥር ዓመት በሥራው ላይ ስለቆየና ስለ ሙያው የተጻፈው አዲስ መጽሐፍ ሁሉ የታወቀ ዜማ ስለሚሆንበት ሰው ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፊሊፕ ቴትሎክ የ284 ባለሙያዎችን ፖለቲካዊና ኢኮኖሚያዊ ትንበያ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ተከታትሎ ውጤቱን በ2005 አሳትሟል። ሁሉን ነገር በአንድ ትልቅ ሐሳብ የሚተረጉሙት ከብዙ አቅጣጫ ጥቂት ጥቂት እየለቀሙ ከሚያስቡት ይልቅ ደጋግመው ተሳስተዋል። የኋለኞቹም ቢሆኑ ነቢያት አልነበሩም፤ በጥቂቱ የተሻሉ ነበሩ እንጂ።

ወደ ሰዓቱ ልመለስ። በ2019 ቤልጂጋዊው ተመራማሪ ማርክ ብሪስባርት 190 ጥናቶችን አሰባስቦ እንዳሰላው፣ አንድ አዋቂ ልብ ወለድ ያልሆነ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ድምፅ ሳያወጣ ሲያነብ በአማካይ በደቂቃ 238 ቃላት ይሄዳል። በዚህ ፍጥነት በቀን 15 ደቂቃ፣ በዓመት ለ300 ቀናት ያነበበ ሰው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቃላት ያነባል፤ እያንዳንዳቸው 80 ሺህ ቃላት ያሏቸው 13 መጻሕፍት ማለት ነው። ባዕድ ርዕሰ ጉዳይ ያዘግማልና ግማሹን ቀንሱለት፤ ስድስት ይቀራል። በአማርኛ አንዱ ቃል ብዙ ስለሚሸከም በደቂቃ የሚነበበው የቃላት ቁጥር ያንሳል፣ መጽሐፉም የሚይዘው የቃላት ብዛት በዚያው ልክ ያንሳል። ስድስት የተለያዩ ርዕሰ ጉዳዮች በዓመት ለእኔ ብዙ ናቸው። ሦስትም አይከፋም።

ከሰዓት እጦት ይልቅ ሰውን የሚያሸንፈው የመጀመሪያው ምዕራፍ ይመስለኛል። አንድ የባንክ ባለሙያ ስለ ከዋክብት የሚያወራ መጽሐፍ ይገዛል፣ ማታ ደክሞት ይከፍተዋል፣ ሃያ ገጽ ሳይሞላ ጭንቅላቱ ይዝላል፣ «ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይዘጋዋል። ጥፋቱ የጭንቅላቱ አይደለም። በ1988 ሬክትና ሌስሊ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች 64 አሜሪካውያን ተማሪዎችን ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የሚተርክ ጽሑፍ አስነበቧቸው። ከተማሪዎቹ ገሚሱ ጎበዝ አንባቢ፣ ገሚሱ ደካማ አንባቢ ነበር፤ በሁለቱም ወገን ቤዝቦልን የሚያውቅም የማያውቅም ነበረበት። ጨዋታውን የሚያውቁት ደካማ አንባቢዎች ከማያውቁት ጎበዝ አንባቢዎች የተሻለ ተረድተውና አስታውሰው ተገኙ። ስለ ነገሩ ቀድሞ የሚታወቀው ከንባብ ችሎታ በልጦ ሠራ ማለት ነው።

ስለዚህ የባንክ ባለሙያው በራሱ መስክ ቶሎ ቶሎ የሚያነበው ስለለመደው ነው፤ በከዋክብት መጽሐፍ ላይ ደግሞ ጀማሪ ተማሪ ነው። ጀማሪነቱን ከተቀበለ መፍትሔው ቀላል ነው። በአዲስ ርዕስ ላይ መጀመሪያ የሚነበበው ከሁሉ ቀጭኑና ቀላሉ መጽሐፍ ይሁን፤ ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች የተጻፈ ቢሆን እንኳ። ብዙ የተማረ ሰው ይህን ማድረግ ያፍራል። ለምን እንደሚያፍር አይገባኝም፤ ማታ ቤቱ ውስጥ ማን ያየዋል? ከዚያ በኋላ ያው ርዕስ ላይ ሁለተኛ ሲያነብ ግማሹ ስም የሚያውቀው ስም ይሆናል፣ ሦስተኛው ላይ ደግሞ ከደራሲው ጋር መከራከር ይጀምራል።

ካልጣመ መተው ደግሞ መብት ነው። ትምህርት ቤት ያስተማረን ልማድ ይሆናል፣ የጀመሩትን መጽሐፍ አለመጨረስ እንደ ነውር ይታያል። ውጤቱም አንድ ያልጣመ መጽሐፍ አልጋ አጠገብ ለአምስት ወር ተጋድሞ የሌላውን መንገድ መዝጋቱ ነው። ፈተና የለብንም። የተቀረጸ መጽሐፍ እየሰሙ መንገድ መሄድም ንባብ ነው፣ ትረካና ታሪክ በተለይ በጆሮ ይጥማል፤ ብዙ ቁጥርና ሥዕል ያለበት ግን ዓይን ይፈልጋል። መጻሕፍትን በአሥር ደቂቃ አጠቃልለን እናቀርባለን የሚሉትን አገልግሎቶች በተመለከተ አስተያየቴ አጭር ነው፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሊስተር የፓስተርን መደምደሚያ ብቻ ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ሙከራውን ቤቱ ውስጥ ሊደግም የሚችልበት ዝርዝር አያገኝም ነበር።

ፍሬው መቼ እንደሚደርስ ደግሞ አይታወቅም። በኋላ የተፈጥሮ ተመራማሪ የሆነው አልፍሬድ ራስል ዋላስ በ1844 ሌስተር በተባለች የእንግሊዝ ከተማ ትምህርት ቤት ሲያስተምር በከተማው ቤተ መጻሕፍት የቶማስ ማልተስን የሕዝብ ቁጥር ጽሑፍ አነበበ፤ የኢኮኖሚ ጽሑፍ ነው፣ ስለ እንስሳት አይደለም። በ1858 በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ደሴቶች ነፍሳትና ወፎች ሲሰበስብ ትኩሳት ይዞት ተኝቶ ሳለ ያ ያነበበው ትዝ አለው፤ ከሚወለዱት ብዙዎች መካከል ለኑሯቸው ይበልጥ የሚስማሙት ይተርፋሉ የሚለው የተፈጥሮ ምርጦሽ ሐሳብም ከዚያ ተወለደለት። ቻርልስ ዳርዊን በበኩሉ ያንኑ ማልተስን በ1838 ያነበበው ለመዝናናት ያህል እንደነበር ራሱ ጽፏል። ሁለት የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ሳይመካከሩ እዚያው ሐሳብ ላይ ሲደርሱ ሁለቱንም የረዳቸው ከሙያቸው ውጭ የነበረ አንድ ጽሑፍ ነው። ዋላስ በ1844 «ይህ ለምን ይጠቅመኛል?» ተብሎ ቢጠየቅ ምን ይመልስ ነበር?

ከየት ልጀምር ለሚለኝ ሰው የምሰጠው ምክር ከራስህ ሙያ ታሪክ ጀምር የሚል ነው፤ የታወቀው በር እሱ ስለሆነ። ለምሳሌ የሒሳብ ሠራተኛው በየቀኑ የሚጠቀምበት ዴቢትና ክሬዲት መጀመሪያ በሰፊው ታትሞ የወጣው በ1494 በቬኒስ መሆኑን ያገኛል። ያሳተመው ሉካ ፓቺዮሊ መነኩሴና የሒሳብ ሊቅ ነበር፤ መጽሐፉም በአብዛኛው ስለ ሒሳብ ትምህርት ሲሆን የነጋዴዎች መዝገብ አያያዝ አንዱ ክፍል ነው። ፓቺዮሊ የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ወዳጅ ነበር፤ ለሌላ መጽሐፉ የጂኦሜትሪ ቅርጾቹን የሣለለት ዳ ቪንቺ ነው። የሒሳብ ሠራተኛው እዚህ ሲደርስ ሦስት መንገድ ተከፍቶለታል፤ የቬኒስ ነጋዴዎች፣ ጂኦሜትሪና ሥዕል። ቀጥሎ ያንብብ የምለው ከሦስቱ መጀመሪያ ዓይኑን የሳበውን ነው፤ ሌሎቹ ለከርሞ ይቆዩ።