ልክ ነህ፤ ውጣ!

እሁድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። አጎቴ ናቸው። ሰላምታውን ሳይጨርሱ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው ሳይሉ፣ «ኮምፒውተርህ አላስገባ አለኝ» አሉኝ። የልጆቹን ጤና ካልጠየቁ ነገሩ ከብዷል ማለት ነው።

ኮምፒውተሩን የገዙት እሳቸው ናቸው። የተቀመጠውም እሳቸው ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ እትዬ በኪሮሽ የሠሩትን ዳንቴል ለብሶ ነው። የኔ ጥፋት አንድ ብቻ ናት። በፍላሽ እየተዛመተ የሚመጣው ቫይረስ ሲያማርራቸው ጊዜ፣ ዊንዶውሱን አንስቼ በምትኩ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጫንኩላቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲሠራ «ኮምፒውተሬ» ነው፤ ሲበላሽ «ኮምፒውተርህ»።

ስደርስ ሳሎኑ ለቅሶ ቤት መስሏል። ጎረቤቱ ሁሉ ምርመራውን ጨርሶ የሞቱን ምክንያት እያወራ ነው። አንዱ «መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው የመታው» ይላል። ሌላው «አጥፍታችሁ አብሩት» ይላል፤ ስምንት ጊዜ ጠፍቶ በርቷል። ማዶ ያለው ወጣት ደግሞ «ፎርማት ነው የሚያስፈልገው» ብሎ ፈረደ። ፎርማት በሰፈራችን እንደ ዳማከሴ ነው፤ የማይታዘዝለት በሽታ የለም። ፎቶውና ሰነዱ አብሮ መጥፋቱ ግን ትዝ የሚለው ከመድኃኒቱ በኋላ ነው።

አጎቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው የይለፍ ቃሉን ሹክ አሉኝ። ማሙሽ ከጓዳ «መጨረሻው ፊደል ካፒታል ነው!» ብሎ ጮኸ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ኪቦርዱን ነበር። ወደ አማርኛ ዞሮ ከሆነ የምትጽፈው ሌላ፣ የሚገባው ሌላ ነው፤ በስክሪኑ ላይ ደግሞ የሚታየው ነጥብ ብቻ ስለሆነ «ሀ»ም ሆነ ሌላ ፊደል መልኩ አንድ ነው። ኪቦርዱ ደህና ነው። ጻፍኩ፤ ኢንተር አልኩ። ስክሪኑ ጠቆረ። አንድ ሰከንድ ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ከዚያ ተመልሶ እዚያው፣ ስም የሚጠይቅበት ገጽ ላይ ጉብ።

ሆን ብዬ የተሳሳተ ቃል ጻፍኩለት። ወዲያው «ትክክል አይደለም» አለኝ። ልብ በሉ፤ ለዋሸው ሰው መልስ አለው። እውነቱን ለተናገረው ባለቤት ግን ዝም ብሎ ያስገባዋል፣ ዝም ብሎ ያስወጣዋል።

ይህን ጠባይ የት እንደማውቀው ለማስታወስ ብዙ አልፈጀብኝም። ጥበቃው መታወቂያህን አይቶ፣ ፈትሾ፣ «ይግቡ» ይልሃል። ሦስተኛ ፎቅ ትወጣለህ። በመስኮቱ በኩል ያለችው ልጅ ወረቀትህን ታገላብጥና «ሁሉም ተሟልቷል» ትልሃለች። ደስ ይልሃል። «ግን ሲስተም የለም።» ስትወርድ ጥበቃው እንደ አዲስ ያይሃል። ነገ ስትመጣም መታወቂያህን ይጠይቅሃል።

ኮምፒውተሩም እንደዚሁ ነው። በሩ ላይ ያለው ፕሮግራም ሥራው የይለፍ ቃልህን ማየት ብቻ ነው። ውስጥ ያለው ዴስክቶፕ ደግሞ ሲነሳ በቤትህ ማኅደር ውስጥ ጥቃቅን ፋይሎች መጻፍ አለበት። መጻፍ ካቃተው ይወድቃል። ሲወድቅ አንተን መልሶ ለበረኛው ያስረክባል። በረኛው ውስጥ የሆነውን አያውቅም፤ ቢያውቅም አይነግርህም።

መጻፍ የሚያቅተው ለምንድን ነው? አንድ ጊዜ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ያየሁት በሽታ አለ። አንድ የሥራ ባልደረባችን ያገኘውን ትእዛዝ ሁሉ «ሱዶ» እያስቀደመ ያስኬዳል። ሱዶ ማለት ለጊዜው አስተዳዳሪ መሆን ነው፤ ሥልጣን ደግሞ ይጥማል። በዚህ መሃል «ኤክስ ኦቶሪቲ» የምትባል፣ በነጥብ የምትጀምር ድብቅ ፋይል በአስተዳዳሪው ስም ተጻፈች። ያቺ ፋይል የገዛ ስክሪንህን እንድትጠቀም የምትፈቅድልህ ናት። ቤቱ የሱ፣ ካርታው ግን ወደ ሌላ ሰው ስም ዞሯል። ስም ዝውውሩን በአንድ መስመር ትእዛዝ መለስንለትና ገባ። እንደሱ ያለ ፈጣን ስም ዝውውር ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም።

የአጎቴ ግን ሌላ ነው። የፊቱ በር እምቢ ሲል፣ እንደ አገራችን ወግ፣ የውስጥ ሰው መፈለግ ነው። ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ 3ን አንድ ላይ ተጫንኩ። ያ ሁሉ የቀለም ጌጥ ጠፍቶ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ መጣ። እትዬ «ውይ! ጭራሽ ገደልከው» አሉ። እዚህ የይለፍ ቃል ሲጻፍ ነጥብ እንኳ አይታይም። «ይኸው፣ ኪቦርዱም ሞተ» አሉ። ስገባ ቡናውን ወደ መቁላት ተመለሱ።

የዲስኩን ቦታ የሚያሳየውን «ዲኤፍ» ጻፍኩ። 100 ፐርሰንት። ሞልቷል! ባለ 250 ጊጋባይት ዲስክ፣ ላንዲት ትንሽ ፋይል እንኳ ቦታ የለውም። ሊኑክስ ከዲስኩ አብዛኛውን ጊዜ 5 ፐርሰንቱን ለአስተዳዳሪው ለብቻ ይይዛል፤ እዚህ ወደ 12 ጊጋባይት መሆኑ ነው። እትዬ መቀነታቸው ላይ እንደሚቋጥሯት ብር ናት። ቤቱ ሁሉ ባዶ ቢሆን እሷ አትነካም። ማሽኑ ጨርሶ ያልሞተው በእሷ ነው።

ምን ሞላው? የእህታችን ሰርግ ቪዲዮ «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2» እና «የመጨረሻው ፋይናል» ተብሎ ሦስት ቦታ ተቀምጧል። ይህ እንኳ ቀላል ነው። ጉዱ ያለው መጣያው ውስጥ ነው። አጎቴ ያዩትን ተከታታይ ድራማ ሁሉ ለዓመት ያህል በትጋት ሲያጠፉ ኖረዋል። አንዱም አልጠፋም።

«ጋሼ፣ መጣያው ውስጥ ያለውን ላጥፋው?»

«እኔ እኮ ካጠፋሁት ቆየሁ!»

እንደገና አጠፋሁት። ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ 1 ብዬ ወደ ፊት ለፊቱ በር ተመለስኩ። የይለፍ ቃሉ ተጻፈ፤ ጠቆረ፤ የሰርጉ ፎቶ ስክሪኑን ሞልቶ ወጣ። እልል ተባለ። «ፎርማት ነው» ያለው ወጣት «እኔም ይሄንኑ ነበር ያልኩት» አለ።

አጎቴ ግን አልተደሰቱም። «ታዲያ ቦታ ሞላብኝ ብሎ ለመናገር አፍ የለውም?»

ማሙሽ ከበሩ ሥር ሆኖ፣ «ትላለች እኮ» አለ። «ከላይ በኩል ትንሽ ጽሑፍ ብቅ ትል ነበር። ጋሼ ናቸው ድራማው ላይ ስትመጣባቸው ዝጋት የሚሉኝ።»

ሦስተኛው ቡና ድረስ ስለ ኮምፒውተር ያነሳ ሰው አልነበረም።

በሳምንቱ ስልኬ ጮኸ። በዚህ ጊዜ የልጆቹ ጤና ተጠየቀ፤ የባለቤቴም። ቀለል ያለ ነገር ነው ብዬ ተረጋጋሁ።

«ኮምፒውተሬ እግዜር ይስጥህ፣ ሰላም ነው» አሉ። «ፕሪንተርህ ግን ወረቀት ይበላል።»

ፕሪንተሩን በሕይወቴ ነክቼው አላውቅም።