ግልጽ ደብዳቤ፦ ለ«የምንጊዜም ምርጥ ጥምረት» ክርክር

ቁጥር፦ 9/19 (የማን ማሊያ ቁጥሮች እንደሆኑ ታውቃለህ)

ለክቡር የምንጊዜም ምርጥ የአጥቂ ጥምረት ክርክር
ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር፣ ዓሣ ቤቱ በር ላይ ያለችው ጠረጴዛ

ጉዳዩ፦ ምሳዬን በሰላም እንድበላ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እንዴት ሰነበቱ ብዬ አልጠይቅም። መሰንበትዎን በየቀኑ በጆሮዬ አረጋግጣለሁና። ይቅርታ፣ በአንተ ልቀጥል። ከአንድ ትሪ አብሮኝ የሚበላን ነገር አንቱ ማለት ከበደኝ።

መቼም አመጣጥህን ከእኔ ይበልጥ አንተ ታውቀዋለህ። እጄን ታጥቤ ተቀምጫለሁ። ዓሣ ጥብሱ ገና ይንጫጫል። ከሐይቁ ቀዝቀዝ ያለ አየር ይመጣል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው የአገራችን አንጋፋ ክርክር እንኳ ያን ቀን ዕረፍት ላይ ነበር። ያኔ ከጎኔ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ግን እንደ ዮርክና ኮል ያለ ጥምረት አይታችኋል?» አለ። አለቀ። ገባህ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት አንተ ነህ።

የማንቼው፣ ማለት የማንችስተር ዩናይትዱ፣ ሰው ስለ ሁለቱ የቡድኑ አጥቂዎች፣ ስለ ባለ 19ኙ ዮርክና ስለ ባለ 9ኙ ኮል፣ በቃል ብቻ ቢያስረዳ እኮ ምንም አልነበረም። ማሳየት አለበት። የጨው ዕቃው ዮርክ ሆነ። የሚጥሚጣው ሳህን ኮል ሆነ። ሎሚዬ ኳስ። የዓሣዬ ጭንቅላት የባርሴሎና ተከላካይ። ጨዋታው በፈረንጆቹ 1998 ኅዳር ላይ ካምፕ ኑ 3 ለ 3 ያለቀው ነው። ኪን ኳሷን ወደ ፊት ሰደዳት። ዮርክ ሊነካት መስሎ አሳለፋት። ኮል ተቀብሎ ለዮርክ ሰጠ፣ ዮርክ መለሰለት፣ ኮል አገባ። ጎሉ ውብ ነው፣ አልዋሽም። የዓሣዬ ጭንቅላትም ልክ እንደዚያን ቀን ተከላካዮች ቆሞ ከማየት በቀር ምንም አላደረገም። ሎሚዬን ግን ጠረጴዛው ሥር ነው ያገኘኋት። ሚጥሚጣው ደግሞ ደስታውን ሊገልጽ ሮጦ እኔ ሱሪ ላይ ወጣ።

ይህንንም ቻልኩት። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው የዘመን ቆጠራው ጉድ ነው።

ባለ ባጃጁ፣ «በ1999 ማንቼን የሚያቆመው አልነበረም» አለ። ጡረታ የወጡ አንድ መምህር አሉ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እሳቸው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ልክ ነህ። ሩኒና ሮናልዶ!»

«ኧረ ጋሼ፣ ዮርክና ኮል!»

«በ1999? ምን ሁነሃል አንተ? ዮርክ በ1999 ሰንደርላንድ ነበር!»

«ዮርክ? ሰንደርላንድ? በ1999?»

ግማሽ ሰዓት። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሁለት ጤነኛ ሰዎች ደም ሥራቸው ተገትሮ ተጨቃጨቁ። አንዱ በፈረንጅ፣ አንዱ በእኛ እየቆጠሩ። ማንቼ ሦስቱን ዋንጫ ያነሣበት የፈረንጆቹ 1999 በእኛ 1991 ነው። በአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ የጀርመኑን ባየርንን 2 ለ 1 ያሸነፈበት ቀን ግንቦት 18። የእኛ 1999 ግንቦት ደግሞ የእነሱ 2007 ነው። በዚያም ዓመት ማንቼ ሊጉን በልቷል፣ ከፊት ሩኒና ሮናልዶ ነበሩ። ዮርክም በእውነት ሰንደርላንድ ነበር። ስለዚህ ሁለቱም ልክ ናቸው። ይህን በትሕትና አስረዳኋቸው። ሁለቱም ዞር ብለው አዩኝና በአንድ ድምፅ፣ «አንተ የማን ደጋፊ ነህ?» አሉኝ። ያን ቀን የተስማሙት በዚህች ብቻ ነው።

አርሴዎቹም፣ የአርሴናል ደጋፊዎቹ፣ ዝም አይሉም። የእነሱ ሄንሪና ቤርካምፕ ናቸው። አንዱ 228 ጎል፣ አንዱ 120። 38 ጨዋታ ሳይሸነፉ ሊጉን የጨረሱበት ዓመት። እዚህ ላይ የምከራከርበት የለኝም። ግን ቤርካምፕ አውሮፕላን ይፈራ እንደነበር ሲነሣ አንዱ፣ «ታዲያ ባሕር ዳር ቢጋበዝ በምን ይመጣል?» ብሎ ጠየቀ። «በአውቶቡስ ነዋ።» ይህችን ነገር ሳስባት ከረምኩ። ያ ሰውዬ አንድ ጊዜ ብቻ ዓባይ በረሃን በአውቶቡስ ቢወርድና ቢወጣ፣ በመልሱ አውሮፕላኑን ራሱ ያበር ነበር።

በከተማው የማውቀው አንድ የቶተንሃም ደጋፊ አለ። ብቻውን ስለሆነ አዝንለታለሁ። እሱም ኬንና ሰን ይላል። በፕሪሚየር ሊጉ አንዱ ለሌላው እያቀበለ 47 ጎል። ድሮግባና ላምፓርድ የያዙትን 36 አልፈውታል። እውነቱን ነው፣ በቁጥር የሚደርስባቸው የለም። ዋንጫ ግን አብረው አላዩም። ኬን በፈረንጆቹ 2023 ሄደ። ከዚያ በ2025 ግንቦት፣ በዚያው በአንድ ወር ውስጥ፣ አንዱ ጀርመን ሊግ በላ፣ አንዱ ዩሮፓ ሊግ አነሣ። እንዲህ ያለ ትዳር በሰፈራችንም አውቃለሁ። አብረው ሳሉ ደሃ ነበሩ። ተፋቱ፣ ሁለቱም ቤት ሠሩ።

አሁን የምነግርህን ግን ቆም ብለህ ስማኝ። ከዚህ ሁሉ ጫጫታህ ውስጥ የሚገርመኝን ጥምረት አንድ ቀን እንኳ አንሥተኸው አታውቅም። ኮልና ሸሪንግሃም። ኮል ራሱ ጽፎታል። በፈረንጆቹ 1995 ለእንግሊዝ የመጀመሪያ ጨዋታው ተቀይሮ ሲገባ ሸሪንግሃም ነው የሚወጣለት። እጁን ዘረጋ። ሸሪንግሃም ሳይጨብጠው አለፈ። ከዚያ ማንቼ ላይ ተገናኙ። ዓመታት በአንድ ማሊያ ተሰለፉ፣ ተቀባበሉ፣ አገቡ። አልተነጋገሩም። እንዴት አደርክ የለ፣ ደህና እደር የለ።

ይገባሃል? እነሱ አንድም ቃል ሳይለዋወጡ ኳስ ይለዋወጡ ነበር። የእኛ ሰዎች ደግሞ ስለ መቀባበል ሦስት ሰዓት ያወራሉ፣ አንዱ ለሌላው አፍ መስጠት ግን አልሆነላቸውም። ሁሉም አጥቂ ነው። አቀባይ የለም። «አንዴ ልጨርስ» ያለ ሰው ሲጨርስ አይቼ አላውቅም። በዚያ ላይ በሦስቱ ዋንጫ ዓመት 53 ጎል ያገቡት ዮርክና ኮል በዚያ በባየርኑ ፍጻሜ አንድም አላገቡም። ጨዋታውን የገለበጡት ከተቀያሪ ወንበር የተነሡት ሸሪንግሃምና ሶልሻየር ናቸው። በእኛ ጠረጴዛ ግን ከወንበሩ የሚነሣ የለም፣ ሒሳብ ሲመጣ ካልሆነ።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ወደ ዘጌ በጀልባ ተሳፈርኩ። ውኃ ላይ አያገኘኝም ብዬ ነው። ሞኝ ነኝ። ባለ ጀልባው የሊቨርፑል ነው ለካ። ገና ከወደቡ ሳንርቅ፣ «ሱዋሬዝና ስተሪጅ!» ብሎ ጀመረ። አንዱ 31፣ አንዱ 21፣ በአንድ የሊግ ዘመን 52 ጎል። ከኋላ የተቀመጠ ተሳፋሪ፣ «እና ስንተኛ ወጣችሁ?» አለው። ሁለተኛ ነው የወጡት። ይህ ነገር ባለ ጀልባውን አመመው። ሊመልስ ፈለገ፣ የሞተሩ ድምፅ አላሰማ አለው። ሞተሩን አጠፋው።

ጣና መሃል ላይ ነን። ከሰዓት ስለሆነ ነፋሱ ተነሥቷል። ባለ ጀልባው መሪውን ለቆ በሁለት እጁ ያስረዳል። እኛ ቀስ እያልን ወደ ደንገሉ እንነዳለን። አጠገቤ የቡና ዘንቢል ያቀፉ እማማ ነበሩ፣ የዘጌ ሰው። ለረጅም ጊዜ በጥሞና አዳመጡ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ እነዚህ የሚያወሱላቸው ልጆች መቼ ነው ያረፉት?» አሉኝ። አልሞቱም እማማ፣ ኳስ ተጫዋቾች ናቸው አልኳቸው። «እሰይ፣ እሰይ» አሉ፣ ግን ያመኑኝ አልመሰለኝም። እውነታቸውን ነው። በእኛ አገር ሰው በቁሙ እንዲህ አይመሰገንም።

ከደንገሉ በኩል አንድ ታንኳ ብቅ አለች። ሰውየው እየቀዘፈ መጣ። ሊረዳን ነው ብለን ደስ አለን። አጠገባችን ሲደርስ መቅዘፊያውን አሳረፈና፣ «ሄንሪን ረስታችሁት ነው?» አለን።

አንተና እምቦጭ አንድ ናችሁ። ከዚህ ሲነቅሉህ ከዚያ ትበቅላለህ። ለእምቦጩስ ሕዝብ በዘመቻ ወጥቶ በእጁ ነቀለው። ለአንተ ማን ይውጣ? ሊነቅልህ የመጣው ሁሉ ቁጭ ብሎ ቡና ያዛል።

ጋሼ ብቻ አንድ ቀን ዝም አሰኝተውሃል። እሱን አልረሳልህም። ሁሉም ሲንጫጫ ቆይተው፣ «በ1954 ጥር 13 ግብፅን 4 ለ 2 ስንረታ» አሉ። ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ሉቺያኖ ቫሳሎ አገባ። ወንድሙ ኢታሎ በጭማሪው ሰዓት አገባ። መጨረሻ ላይ መንግሥቱ ወርቁ ደፈነው። ሁለት ወንድማማቾች በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ አዲስ አበባ ላይ። ዋንጫውን የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ፣ የሰጡት ንጉሡ። ጋሼ ይህን ብለው ቡናቸውን ፉት አሉ። አንድ ደቂቃ ያህል ሰላም ሆነ። ከዚያ ባለ ባጃጁ፣ «ግን ጋሼ፣ ከዮርክና ከኮል ጋር ሲነጻጸሩ…» አለ።

ጫማዬን የሚጠርግልኝ ሊስትሮ ግን ከሁሉም የባሰች ጥያቄ ጠየቀ። ብሩሹን ሳያቆም ነው የጠየቀው። «የእኛ ከነማስ አጥቂዎች እነማን ናቸው?»

ጭጭ።

የጣና ሞገዶቹ፣ የባሕር ዳር ቡድናችን፣ እኮ በእኛ 2015 ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥለው ሁለተኛ ወጥተዋል። አፍሪካ መድረክ ላይ ወጥተው የታንዛኒያውን አዛም በመለያ ምት ጥለዋል። አንዱ ስልኩን አየ። አንዱ ሐይቁን አየ። የኮልን ሁለተኛ ስም የሚያውቀው ሰውዬ ጠረጴዛው ላይ የሌለ ፍርፋሪ ማራገፍ ጀመረ። እኔስ? እኔም ሲኒዬን አየሁ፣ ታዲያ ምን ላድርግ? ሊስትሮው ሁለቱንም ስም ጠራልንና ሌላኛውን እግር አምጡ አለ። በመጨረሻ አንዱ ተንፈስ አለና፣ «ዮርክ ቢኖረን እኮ…» አለ። አንተ እንደገና መጣህ።

ይህን የምጽፍልህ ኳስ ጠልቼ አይደለም። በእኛ ኅዳር 2012 እዚሁ ስታዲየማችን ውስጥ ነበርኩ፣ አይቮሪ ኮስትን 2 ለ 1 ያሸነፍን ዕለት። ሱራፌል ዳኛቸው አገባ፣ ሽመልስ በቀለ አገባ። የማላውቀውን ሰው አቅፌ ዘለልኩ። እሱም አቀፈኝ። ማን ከማን ይበልጣል የሚል ሰው አላጋጠመኝም። ያን ቀን የት እንደዋልክ ብትነግረኝ ደስ ይለኛል፣ በዚያው ብትቀርም ቅር አይለኝም ነበር።

ስለዚህ የምለምንህ ብዙ አይደለም። ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው የምሳ ሰዓት ሌላ ቦታ ዋል። ፔዳ፣ የዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ በር ላይ ተማሪ ሞልቷል፣ ጊዜም ጉልበትም አላቸው። የግድ ከመጣህ የራስህን ሎሚ ይዘህ ና። ዓመት ስትጠራ በፈረንጅ ይሁን በእኛ አስቀድመህ ተናገር። ጀልባ ላይ ደግሞ ፈጽሞ አትሳፈር፣ ዋና አልችልም።

አንዲት ነገር ብቻ፣ በቅንፍ እንደማለት። ቅድም ስለ ሄንሪና ቤርካምፕ የምከራከርበት የለኝም ብዬሃለሁ። አዎ። ግን የሄንሪ ጎል ሁሉ ቤርካምፕ ያቀበለው ነው ያለው ሰው ተሳስቷል። ሄንሪ ራሱ በፈረንጆቹ 2002/03 ሊጉ ላይ 24 አግብቶ 20 አቀብሏል። ይህንን ንገርልኝ። ካልሆነም ተወው፣ እኔው እነግረዋለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለዓሣ ቤቱ፣ ሚጥሚጣው ለዓሣ ብቻ እንዲውል
ለባለ ጀልባው፣ ሁለተኛ መውጣት ነውር እንዳልሆነ እንዲያውቀው
ለባለቤቴ፣ ሱሪው ላይ ያለው ቀይ ነገር ሚጥሚጣ መሆኑን እንድትረዳው

ሰኞ ሰባት ሰዓት እዚያው ነኝ። ወንበሬን እንዳትይዝብኝ።