«በጣም ይወዳት ነበር»

ከሀገር ቤት ሰዎች ጋር በሼክስፒር ቴአትር ውስጥ በቅናት ሚስቱን ስለገደለው የጦር አዛዥ ስለ ኦቴሎ ሳወራ ጨዋታው ሁሌም የበታቹ ኢያጎ ላይ ያርፋል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ድርሰቱን ወደ አማርኛ ስለመለሰው ታሪኩን የሚያውቅ ብዙ ነው። ነገር ሠሪው ኢያጎ ነው፣ ጀግናውን በሐሜት አሳብዶ ትዳሩን ያፈረሰው እሱ ነው፣ ኦቴሎማ ምን ያድርግ፣ የዋህ ነው፣ ደግሞ በጣም ይወዳት ነበር ይሉኛል። እዚህ ለንደን ከቴአትር ሲወጡ የምሰማው ወሬ ግን ሌላ ነው። ሚስቱን ለምን አላመናትም? እኔም እየቆየሁ ስሄድ ጥያቄው የኔም ሆኗል።

መሀረቡን ተመልከቱ። ኦቴሎ ራሴን አሞኛል ይላል። ሚስቱ ዴዝዴሞና እሱ የሰጣትን መሀረብ አውጥታ ግንባሩን ልታስርለት ትሞክራለች። ይሄማ አይበቃም ብሎ ይገፋዋል፤ መሀረቡ ይወድቃል፤ ጥለውት ይሄዳሉ። የዴዝዴሞና አገልጋይ ኤሚሊያ ታነሳውና ለባሏ ለኢያጎ ትሰጠዋለች፣ ኢያጎ ደግሞ ከዴዝዴሞና ጋር ይማግጣል ብሎ ባማው በመኮንኑ በካሲዮ ክፍል ውስጥ ይጥለዋል። ሴትየዋን ያስገደላት ማስረጃ ይኸው ነው፤ ገዳዩ ራሱ ከእጇ ያስጣላት ጨርቅ። ኢያጎ መዋሸቱን ማንም አይክድም። ግን ይህ ሰው ቬኒስ ቆጵሮስን ያህል ደሴት አምና የሰጠችው የጦር አዛዥ ነው። ወታደሮቹ ሰክረው ሲደባደቡ እንኳ ማን ጀመረው ብሎ አንድ በአንድ ጠይቋል። ሚስቱ ላይ ሲደርስ ግን ኤሚሊያ ምንም አላየሁም ብትለው አላመናትም፣ ዴዝዴሞና ብትምልለት አላመናትም፣ ኢያጎ ካሲዮ በእንቅልፍ ልቡ ስለ እሷ ሲያወራ ሰማሁት ብሎ ሲነግረው ግን አመነ። ኤሚሊያ አስቀድማ ተናግራዋለች፦ ቀናተኞች ምክንያት አግኝተው አይቀኑም፣ ቀናተኛ ስለሆኑ ነው የሚቀኑት።

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ግን መጨረሻው ነው። ኦቴሎ ራሱን ከመግደሉ በፊት ለቬኒስ ሰዎች ኑዛዜ ይተዋል። ታሪኬን ስትጽፉ በጥበብ ባይሆንም ከልክ በላይ የወደደ ሰው ነበር በሉ ይላል። ደግሞ በቀላሉ የማይቀና ሰው ነበር በሉልኝ ይላል! ሬሳዋ አጠገቡ ተኝቶ። እሷስ? ልትሞት ስትል ማን ነው ይህን ያደረገው ብላ ኤሚሊያ ስትጠይቃት፣ ማንም አይደለም፣ እኔው ራሴ ነኝ ብላ ነው ያለፈችው። ፊቷ አብጦ ሥራ ገብታ በር መትቶኝ ነው የምትል ሴት አይቶ የሚያውቅ ሰው ይቺን ዓረፍተ ነገር ሲሰማ ያመዋል። ድርሰቱ በንጉሥ ጄምስ ቤተ መንግሥት የታየው እ.ኤ.አ. በ1604 ነው።

ኦቴሎ የተወውን ኑዛዜ ነው እኛ ዛሬም ለቅሶ ቤት የምንደግመው። «በቅናት ተነሳስቶ» ይላል ዜናው፤ «በጣም ይወዳት ነበር» ይላል ጎረቤቱ። እሷ ምን ብላ እንደነበር የሚናገርላት የለም። እንግሊዞችም በዚህ የሚኩራሩበት ነገር እምብዛም የላቸውም፤ ሚስቴ ማግጣ አገኘኋት ያለ ባል ለዘመናት ክሱ ከከባድ ግድያ ዝቅ ሲልለት ኖሯል። የትዳር ጓደኛ መማገጥ ብቻውን ለግድያ ማቅለያ እንዳይሆን የከለከለው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። የኛ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በብርቱ ስሜት ተገፋፍቶ ለተፈጸመ ግድያ ዛሬም ቅጣቱን የሚያቀልበት አንቀጽ አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 እዚህ ሌላ ሕግ ተጨመረ፦ የትዳር ጓደኛን ስልክ መበርበር፣ ከዘመድ መነጠል፣ ገንዘቧን መያዝ፣ እያስፈራሩ ማኖር ተደጋግሞ ሲፈጸም እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። ከኛ ሰፈር ወንዶች ይህን የሰሙ ጥቂቶች ናቸው። ካልቀናማ አይወደኝም የሚሉ እህቶቼም እንዲሰሙት እፈልጋለሁ።

ቅናት የባል ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዚያው ዘመን ጆን ዌብስተር የጻፈው «የማልፊዋ ዱቼስ» ውስጥ የሚቀናው መንታ ወንድሟ ፈርዲናንድ ነው። ባሏ የሞተባት እህቱ እንዳታገባ ይከለክላታል፣ እሷ ቤቷን የሚያስተዳድረውን አንቶኒዮን በድብቅ አግብታ ትወልዳለች፣ ወንድምየው ሰላይ አስገብቶ ደርሶበት ያሳንቃታል። ከዚያ ሬሳዋን አይቶ ፊቷን ሸፍኑት ይላል፣ ተኩላ ነኝ እያለም ያብዳል። የቤተሰብ ስም እያሉ እህታቸውን የሚጠብቁ ወንድሞች ለኛም እንግዳ አይደሉም።

ወደ ኦቴሎ ልመለስና አንድ ሰው ላንሳ፦ ሎዶቪኮ። የዴዝዴሞና ዘመድ ነው፣ ከቬኒስ ደብዳቤ ይዞ ይመጣል። ኦቴሎ ፊት ለፊቱ በጥፊ ይመታታል። ሎዶቪኮ ይደነግጣል፣ ቬኒስ ውስጥ ይህን ብናገር ማንም አያምነኝም ይላል፣ እያለቀሰች ነው ይቅርታ ጠይቃት ይለዋል። ከዚያ እራቱን በልቶ፣ እሷንም ደህና እደሪ ብሎ ይሄዳል። የሞተችው በዚያው ሌሊት ነው። እኛ ሽማግሌ የምንልካቸው ሰዎች ስንት ጊዜ እንዲህ አድርገዋል? ቀናተኛ ነው እንጂ ክፉ አይደለም፣ ልጆችሽን አስቢ፣ ቡና ይጠጣል፣ ይታረቃሉ፣ ይወጣሉ። ለብቻዋ የሚያናግራት የለም። ብዙ ጊዜ ደግሞ የመጣችው በባሏ ቪዛ ስለሆነ ከቤት ብወጣ ሀገሬ ይመልሱኛል ብላ ትፈራለች። እንግሊዝ ሀገር ባሏ የሚያሠቃያት ሴት ትዳሩ በዚህ ምክንያት ቢፈርስ በራሷ ስም የመኖሪያ ፈቃድ የምትጠይቅበት ደንብ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሽማግሌዎቻችን ዕርቅ ከማውራታቸው በፊት ይህን ይንገሯት።